ተራ ሲደርስ

የሂሳብ መምህርቷ ትርንጎ ዱብሉቅ ከተማ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። ልጇ ቡሌ ሆራ፣ እናቷ ዘንድ ያድጋል። በስልክ አያቱን «እማ»፣ እሷን «ትርንጎ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ከተማው እስር ቤት ሆኖባታል። ዘንድሮ ግን የዝውውር ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ናት። የቀራት የሱፐርቫይዘሩ ግምገማ ብቻ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አምሀ ጠርተው መከሯት። «እባክሽ ነገ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጡ ያንን ነገርሽን ተይው። ከመጽሐፉ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ያ ነገሯ ምን መሰላችሁ፤ የታሪኩንና የባዮሎጂውን መምህራን አግባብታ፣ አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዘው ሦስቱም በየክፍለ ጊዜያቸው ያስተምሩታል። የሰሞኑ ሐሳብ ተራ መጠበቅ ነው። መነሻቸው ደግሞ ኤላው፣ ከብት በየተራው የሚጠጣበት ያ ጥልቅ ጉድጓድ።

እሺ አለች። ለልጇ ስትል ምን የማትለው አለ?

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ዓብዱሰመድ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ትርንጎ ገጽ አርባ ሁለትን አነበነበች። የገዛ ድምፅዋ አስጠላት።

ሰውየው ተማሪዎቹን ጠየቁ፤ «ይሄ የቁጥር ድርድር ምን ይጠቅማል?»

አባቱ ኤላው ላይ ተራ የሚያስከብሩት ዳዳቻ እጁን አወጣ። «ከብታችን በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። የዛሬው አንደኛ ተራው ከሆነ፣ ዘጠነኛው ከሃያ አራት ቀን በኋላ ነው። ይሄ ሂሳብ ነው። ተራ የሚያስከብር ሲጠፋ ሰው ይጣላል፤ ይሄ ታሪክ ነው። ምግብም ሆድ ውስጥ ተራውን ጠብቆ ነው የሚያልፈው፤ ይሄ ባዮሎጂ ነው። ቲቸር ናቸው ያስተማሩን።»

ከዚያ ክፍሉን ማን ይያዘው! ትርንጎም መጽሐፉን ዘግታ ጠመኔዋን አነሣች። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም፣ እህቴ።» በደስታ አለቀሰች። ያን ዕለት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ከእሷ ቀጥላ ሁለተኛ የነበረችው ተዛውራለች። በትርንጎ ስም ትይዩ የተጻፈው ግን ይህ ነው፦ «እጅግ የላቀች መምህርት በመሆኗ ትምህርት ቤቱ ሊያጣት አይገባም። ባለችበት ትቀጥል።»

ለሱፐርቫይዘሩ ደወለችላቸው። «አንቱ፣ ምን አደረግሁዎት?» አቶ ዓብዱሰመድ ደነገጡ። «እኔ እኮ ላመሰግንሽ ብዬ ነው።»

ሰኞ ክፍል ገባች። ወሬው ቀድሟት ነበር። ዳዳቻ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእርስዎ ተራ ደርሶ አልነበር እንዴ?»

«ደርሶ ነበር።»

«ኤላ ላይ እኮ፣ ከብትህ ጥሩ ነው ተብሎ ተራው የሚታለፍ ሰው የለም።»

ትርንጎ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መጽሐፋችሁን አውጡ» አለች። «ገጽ አርባ ሦስት።»