አሥራ አምስት ወንበር

"አሥራ አንድ ነው ያልከኝ?" አለች ኃላፊዋ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ኮምፒዩተሯ ላይ እየፈለገች።

"አሥራ አንድ ነን" አለ የወንዝ ዳሩ ቅርንጫፍ አስተባባሪ። ድምፁ በዝናቡ እየተቆራረጠ ይመጣል። "ሄሊኮፕተሩ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። የተሳፋሪ ዝርዝር የሚዘጋው ግን ስድስት ሰዓት ነው።"

"ምግብ የምታበስልላችሁስ?"

"እሷ ዝርዝሩ ላይ የለችም።"

"የምታጸዳላችሁስ? ሁለቱ ጥበቃዎችስ?"

"እነሱ እኮ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው፤ ወረቀት ላይ የእኛ አይደሉም። የኤጀንሲውን ባለቤት ከጠዋት ጀምሮ ብደውልለት አያነሳም።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመንደሩ ሰው ወንዙ ሲሞላ ከትናንት በስቲያ ወደ ኮረብታው ወጥቷል። የቅርንጫፉ ሠራተኞች ግን የመድኃኒት መጋዘኑን ወደ ፎቅ ሲያሸጋግሩ መንገዱ ተቆረጠባቸውና ውኃው ግቢውን ከቦታል።

በዚህ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት የሰው ኃይል ሥራዎችን መምራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቅጥሩ፣ ዝውውሩ፣ ፈቃዱ፣ ጡረታው፣ የአራት መቶ ሰው ጣጣ በእጇ ያልፋል። ፋይል ሳትገልጥ የተቀጠርክበትን ቀን ስለምትነግርህ "እመት መዝገብ" ይሏታል። ከኋላዋ ይስቁባታል፤ የጨነቀው ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው።

የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ገባ።

"ሕጉ ግልጽ ነው" አለ። "የበረራ አገልግሎቱ የሠራተኛ ቁጥር የሌለውን አያሳፍርም። ዋስትናውም አይሸፍናቸውም። ክፉ ሆኜ አይደለም።"

"ክፉ ነህ አላልኩም። ሄሊኮፕተሩ ስንት ወንበር አለው?"

"አሥራ አምስት።"

"አሥራ አንድና አራት ስንት ነው?"

ሰውዬው አንገቱን አከከ። "አሥራ አምስት።"

"እንግዲያው የጎደለው ወንበር አይደለም፣ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።"

የአገር ውስጥ ዳይሬክተሩ በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ስለነበረ እስከ አሥር ሰዓት አይገኝም። መመሪያውን አወጣችና ገጹን ገለጠች። በአደጋ ጊዜ የሰው ኃይል ኃላፊው ያለ ኮሚቴ እስከ ሠላሳ ቀን የሚቆይ ቅጥር መፈጸም ይችላል ይላል። አንቀጹ የተጻፈው የእርዳታ እህል ለሚያወርዱ ሰዎች ነው። ሰው ከውኃ ለማውጣት ይጠቀሙበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አይቻልም ብሎ የጻፈም ግን የለም።

ረዳቷን ጠራቻት። "ቁጭ በይ። በስልክ እንቀጥራለን። ድምፃቸውን ቅጂ፣ እሺታቸው ፊርማቸው ነው።"

ምግብ አብሳይዋን እየመዘገቡ ሳለ የኃላፊዋ እናት ደወሉ። ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ልትወስዳቸው ቃል ገብታ ነበር።

"ወንድምሽ አመጣኝ" አሉ እናቷ። "አንቺን ብጠብቅ ዓይኔ ብቻ ሳይሆን ዕድሜዬም ያልቅ ነበር።"

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ። አራት ሰው ውኃ ሊወስድብኝ ነው።"

"ታዲያ ምን ስልክ ታነሺያለሽ!" ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ምግብ አብሳይዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ወጣቱ ጥበቃ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ ቁጥር አገኙ። አዛውንቱ ጥበቃ ቀሩ።

"አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ለኤጀንሲው ወይስ ለእግዜር?"

"ለእኔ።"

"ስልሳ ስምንት።"

ረዳቷ አስገባችው። ኮምፒዩተሩ ከስልሳ በላይ አልቀበልም ብሎ ቀላ።

"እትዬ፣ ኤጀንሲው ጋ ሃምሳ ስምንት ነው የሚለው። እኛም እንደዚያ ብንለውስ?" አለች ረዳቷ በሹክሹክታ።

"የለም፣ እውነቱን ነግረውኛል። እውነቱ የሚገባበትን ቅጽ እንፈልግ።" ጥቂት አሰበችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገች። የአማካሪ ውል የሠራተኛ ቁጥር ያሰጣል፣ የዕድሜ ገደብ ግን የለውም።

"አባባ፣ በጥበቃ ስንት ዓመት ሠሩ?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ከዛሬ ጀምሮ የጥበቃ አማካሪ ነዎት።"

"አማካሪ? ማንን ነው የማማክረው?"

"እኔን።"

"እንግዲያስ ምክሬን ስሚ" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ተለውጦ። "ልጆቹን አውጪ፣ እኔን ተይኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ነው። ጥዬ ብሄድና አንድ ነገር ቢጠፋ ሌባ ነው የሚሉኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ስሜ በክፉ አልተነሳም።"

ኃላፊዋ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"አባባ፣ አሁን አለቃዎ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዎ ቁልፉን ይዘው ሄሊኮፕተሩ ላይ መውጣት ነው። ለሚጠፋው ሁሉ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ድምፄም እየተቀዳ ነው። እምቢ ካሉ ግን በተቀጠሩ በአምስት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ እጽፍብዎታለሁ።"

ከወዲያ ማዶ የሳቅና የሳል ድምፅ ተሰማ። "እሺ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ማስጠንቀቂያስ አልቀበልም።"

ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን የጸጥታ ኃላፊው ዝርዝሩን ከእጇ ተቀብሎ ለበረራ አገልግሎቱ ራሱ ደወለ። "አሥራ አምስት ሠራተኞች" እያለ ሲያስረዳ፣ ሕጉ ድሮም እንደዚያ የነበረ ይመስል ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ከአስተባባሪው መልእክት መጣ፦ "አሥራ አምስታችንም ተነስተናል።" ረዳቷ ጮኻ አለቀሰች። አሥር ሰዓት ገደማ አብራሪው ያንኑ ቦታ ዳግም ሲያልፍ ከጥበቃ ቤቱ ጣሪያው ብቻ እንደሚታይ ተናገረ።

ዳይሬክተሩ ከአየር ማረፊያ ደወለ። "ኮርቼብሻለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን የአማካሪውን ውል አይቶ ነገሩን ሊመረምር ነው። መዝገቡ ላይ የአንቺና የረዳትሽ ስም አለ። ዛሬውኑ ማብራሪያ ላኪ።"

ደብዳቤውን ረዳቷ አርቅቃ አመጣችው። ቁልጭ ያለ ነበር፦ በአንቀጹ መሠረት አራት ሰዎች ቀጠርን፣ አንዱን በአማካሪነት መዘገብን፣ የሰው ሕይወት እንዲቀድም ወሰንን።

"ጥሩ ጽፈሻል" አለች ኃላፊዋ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና በየግሱ ጫፍ ያለችውን "ን" እየሰረዘች "ኩ" ትጽፍ ጀመር። ቀጠርኩ። መዘገብኩ።

"እኔም እኮ ነበርኩ" አለች ረዳቷ ቅር ብሏት።

"ነበርሽ፣ መቼም አልረሳውም። የሙከራ ጊዜሽ ግን ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።"

"እርስዎን ቢያሰናብቱዎትስ?"

"የስንብት ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከተሳሳቱ አርምላቸዋለሁ።"

ረዳቷ ሳትወድ ሳቀች። ኃላፊዋ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደች፣ "ወሰንን" የሚለውን ሰርዛ "ወሰንኩ" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ብቻዋን ፈረመች።