የጠፋው ዓመተ ምሕረት

መምህርት አልታየች ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ዓይናቸው ደከመና የታተመ መጽሐፍ ማንበብ አቆሙ። ዘንድሮ ልጃቸው ፊደሉን እንደፈለጉ የሚያሳድጉበት ታብሌት ገዝታ፣ በወጣትነታቸው የወደዱትን ልብ ወለድ ጫነችላቸው። ሲከፍቱት ግን ጽሑፉ ተበጣጥሷል። ዓረፍተ ነገሩ መሀሉ ላይ ይቆረጥና 87 የሚል ቁጥር ብቻውን ይገተራል፤ ቀሪው ከቁጥሩ በታች ይቀጥላል።

በማግስቱ ከአንኮበር ሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ገቡ። የቀድሞ ተማሪያቸው ጌታሰው እዚያ ኮምፒውተር ቤት አለው።

"ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ!"

ጌታሰው ፋይሉን ከፍቶ አየው። "መጽሐፉን ፎቶ አንስተው በማሽን ወደ ጽሑፍ ሲለውጡት የገጹ ቁጥር አብሮ ገብቷል። ቀላል ነው፤ ቁጥር የተባለን ሁሉ እንዲያጠፋ ኮምፒውተሩን አዘዋለሁ።"

አንዴ ጫን አደረገ። ቁጥሩ ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

መምህርት አልታየች ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "ቆይ! 'በ ዓ.ም. ተወለደች' ይላል። ዓመቱ የት ሄደ?"

ጌታሰው ራሱን ያዘ። "አብሮ ጠፋ!"

"በል መልሰው።" መለሰው። እሳቸው ጥቂት ገጾች አስገልጠው አዩና ድንገት ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። "የገጹ ቁጥር ሁልጊዜ ለብቻው መስመር ይዟል! ዓመቱ ግን ከቃል ጋር ነው። ብቻውን የቆመውን አጥፋ ብትለው አይገባውም?"

"እንዴት አይገባውም!"

ኮምፒውተሩም ገባው፤ የገጹ ቁጥር ጠፍቶ ዓመቱ በቦታው ቆየ። መምህርት አልታየች ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው ጠፋ። "አሁን ደግሞ በአራት ነጥብ ያላለቀውን መስመር ሁሉ ከሚቀጥለው ጋር ግጠመው። የምዕራፍ ርእስ እንዳትነካ!"

ጌታሰው እየሳቀ እንዳሉት አደረገ። የተቆራረጠው መስመር በአንድ ጊዜ ሙሉ አንቀጽ ሆነ። ፊደሉን አሳድጎ ታብሌቱ ላይ ሲጭንላቸው መቀመጥ እንኳን ትዝ አላላቸውም፤ እዚያው ቆመው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ማንበብ ካቆሙ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ምዕራፉ እስኪያልቅ አዳመጣቸው።

"ሌላም የተበላሸ ቦታ አለ፣ ቲቸር?" አለ ጌታሰው።

"አንድ አለ። ግን አንተ ተነሥ፤ እሱን እኔው ነኝ የማስተካክለው።"

ወንበሩን ለቀቀላቸው።