የጎሽ ውሃ ርብራብ

ካሳ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሦስተኛውን ቋሚ ሲጎትት፣ ቋሚው እንደ በሰበሰ ጥርስ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር ጭቃ ከሥሩ ተከትሎት ወጣ።

"ይሄም ሄደ?" አለች ሚስቱ አሰጋሽ ዳር ላይ ቆማ።

"አልሄደም፤ ወጣ።"

"መውጣቱንማ አየሁ። አንተን ይዞ እንዳይሄድ ብዬ ነው።"

ርብራቡ ከካሳ ማሳ ግርጌ ተነሥቶ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ጎሽ ውሃ ይገባል። በወይራ ቋሚዎች ላይ የጥድ አጣና የተረበረበበት የታንኳ መቆሚያ ነው። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ግን ማዶ ያሉት ስድሳ አባወራዎች ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚሻገሩት በዚሁ ነው። የሠሩት የካሳ አባት ናቸው። ካሳ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ቋሚ እየቀየረ አቆይቶታል። አገሩ ሁሉ "የካሳ ርብራብ" ይለዋል፤ ካሳም ይህን ሲሰማ አንገቱ በሁለት ጣት ይረዝማል። ትናንት ግን ሁለት የማዶ ሰዎች የወፍጮ ድንጋይ አሳረፉበትና አንድ ጎኑ ሰጠመ። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ወይራ ቆርጦ በሳምንት ይጨርሰው ነበር። አሁን ግን ግንቦት ስድሳ ሰባት ነው። መሬት የሕዝብ ከሆነ ሦስት ወሩ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተነበበው ማስታወቂያ፣ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ሳይያዝ በውሃ ዳር ምንም ነገር እንዳይሠራ፣ እንዳይጠገን፣ ዛፍም እንዳይቆረጥ ይላል። ካሳ ማስታወቂያውን ሰምቷል። እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ አጨብጭቧል፤ ለባለ ብዙ ጋሻ መሬት ጌቶቹ የተነገረ መስሎት ነበር።

"በል ታጠብና ወደ ከተማ ሂድ፣" አለች አሰጋሽ። "ክረምቱ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ረግረጉ ከሞላ የማዶ ሰው በእግሩ ዞሮ አይመጣም። ለእነሱ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴስ በምን ሊሻገር ነው? በአንተ አንገት?"

"ፈቃዱን ዛሬውኑ ይዤ እመጣለሁ፣" አለ ካሳ። ጥርጥር የሚባል ነገር አያውቅም።

መካነ ሰላም ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በፈቃድ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ብርሀንነሽ የምትባል ዘማች ተማሪ ናት። ካኪ ለብሳለች፤ ጎፈሬዋ ከበስተኋላዋ ያለውን መስኮት ግማሹን ጋርዶታል። ካሳ የቤተ ክህነት ትምህርቱን አሟጦ የጻፈውን ማመልከቻ አንብባ ቀና አለች።

"ርብራቡ የማን ነው አባባ?"

"የኔ።"

"የእርስዎ ማለት?"

"የኔ ማለትማ የኔ ነው። አባቴ ሠራው፣ እኔ አቆየሁት። ሰፈሩን ብትጠይቂ የተወለደ ሁሉ ይነግርሻል።"

ብርሀንነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። "መሬቱ የሕዝብ ነው። በሕዝብ መሬት ላይ ለአንድ ሰው የግል መሻገሪያ ፈቃድ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው የኔ አይደለም ብለሽ ጻፊ።"

"የእርስዎ ካልሆነ ምን አገባዎትና ያመለክታሉ?"

ካሳ ባርኔጣውን አወለቀ። "የኔ ከሆነ አይጠገንም። የኔ ካልሆነ እኔ አልጠግነውም። ታዲያ ዓሣው ይጠግነው ልጄ?"

ልጅቱ ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። "የገበሬ ማኅበሩ ቢያመለክትስ?"

"ማኅበሩ ከተመሠረተ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ማኅተም እንኳ አልመጣለትም። ሊቀመንበሩ ደግሞ ንጉሡ የሚባለው የድንበር ጎረቤቴ ነው።"

"ይነጋገሩዋ።"

"በድንበር ቁጥቋጦ ተጣልተን ከተኳረፍን ስድስት ዓመታችን።"

"አሰላሙ አለይኩም አያ ካሳ!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጀብሪል ነው፤ የማዶ ሰው፣ የሁለቱ ዳርቻ ቅሬ ዳኛ። ቅሬውን ሊያስመዘግብ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ ሁሉንም ሰምቷል። "ርብራብህ ዋና ተማረ አሉ። ከአንተ ቀደመ!"

"ወፍጮ የጫኑበት የአንተ ሰዎች ናቸው።"

"አምና በክፉ ቀን ወፍጯቸውን ለቆሎ ሸጠውት ነበር። ስንዴ ይመጣል ሲባል መልሰው ገዙ። ምን ያድርጉ?"

ካሳ ይህን አላወቀም ነበር።

ጀብሪል ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። "ልጄ፣ ቅሬ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እናንተ አገር እድር የምትሉት ነው። የኛ ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ የሬሳ መንገድ ይጠርጋል፤ የቀረ ይቀጣል። ማዶ የሞተ ክርስቲያን ወዲህ ይሻገራል፣ ወዲህ የሞተ እስላም ወዲያ ይሻገራል። ሁሉም የሚያልፈው በዚሁ ርብራብ ነው። የሬሳ መንገድ ለመጠገን ደግሞ በጃንሆይም ጊዜ ፈቃድ የጠየቀን የለም።"

"ለቅሬ ከሆነ እኔም መጻፍ እችላለሁ፤ የሕዝብ ነው፣" አለች ብርሀንነሽ፤ ፊቷ በራ። "ቅሬው ከዚህ በፊት ጠግኖት ያውቃል?"

ጀብሪል ካሳን አየው። ካሳ ጣሪያውን አየ።

"አያውቅም፣" አለ ጀብሪል። "በየዓመቱ መጥረቢያችንን ይዘን እንሄዳለን፤ በየዓመቱም አያ ካሳ 'የኔን እኔ እሠራለሁ' ብሎ ጠላ አጠጥቶ ይመልሰናል። ጠላው ግን ወላሂ ጥሩ ነው።"

"እንግዲህ አባባ፣" አለች ልጅቱ፣ "ርብራቡ የቅሬው ነው ብለው እዚህ ላይ ከፈረሙ ፈቃዱን አሁኑኑ እጽፋለሁ። ካልፈረሙ ማኅበሩ ማኅተም እስኪያገኝ መጠበቅ ነው። መስከረም መሆኑ ነው።"

መስከረም። እስከዚያ ስንዴው ወዲህ፣ በላተኛው ወዲያ ሊሆን ነው።

ካሳ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። የሚፈርም እጅ ነበረው፤ እጁ ግን ባርኔጣውን አልለቅም አለ። ከፈረመ በኋላ ማንም "የካሳ ርብራብ" አይልም። አባቱ ያንን ቦታ ያቀኑት ጭቃ ተሸክመው ነው። የእሳቸውን ስም በአንድ መስመር ለቅሬ ማስረከብ!

አምና ሐምሌ ትዝ አለው። ዝናብ እየወረደ አንድ የማዶ ሰው የሚስቱን ሬሳ ከአማቹ ጋር ተሸክሞ ከታንኳ ወጣ። ሁለቱም ከረሃብ ብዛት እግራቸው ይብረከረካል። ርብራቡ ላይ ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆሙና ሰውየው፣ "አያ ካሳ፣ እንለፍ?" አለ። ካሳ እለፉ አለ፤ ቃሬዛውንም ተቀበላቸው። ግን ያን ጊዜ መጠየቁ ደስ ብሎት ነበር። ሰውየው ሥርዓት ያውቃል ብሎ ለአሰጋሽ ነግሯታል። አሰጋሽ ምንም አልመለሰችለትም። አሁን ነው ዝምታዋ የገባው። ሬሳ ተሸክሞ ፈቃድ መጠየቅ!

ተመልሶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። "ጻፊ፤ የቅሬው ነው።"

ጀብሪል የካሳን ባርኔጣ ተቀበለው። ቀልድ ይዞ ነበር፤ ዋጠው።

ብርሀንነሽ እየጻፈች ጠየቀች፤ "አንድ ነገር ቀረኝ። የእርዳታው እህል ታንኳ ላይ የሚጫነው ከርብራቡ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ዐሥር ኩንታል ቢቆለልበት ይችላል?"

"አዲስ ወይራ ሲገባበት..." ብሎ ጀመረና ካሳ አቆመ። እጁን አየ። ጥፍሩ ሥር ጥቁሩ ጭቃ አለ።

"አይችልም፣" አለ።

"እንዴት?"

"ሥሩ ጭቃ ነው። የፈለግሽውን ወይራ ትከይ፣ በሁለተኛው ዓመት ይውጠዋል። ከዚያ ስድሳ እርምጃ ወረድ ብሎ፣ ከንጉሡ ማሳ ሥር፣ ውሃ ውስጥ የገባ ጠፍጣፋ ዐለት አለ። እዚያ ላይ ቢቆም ሃያ ኩንታልም ይሸከማል።"

"ያ ረቢ!" አለ ጀብሪል። "ይህን መቼ አወቅህ?"

"ልጅ ሆኜ ዓሣ ስጠልፍ።"

ብርሀንነሽ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። "አባባ፣ ያመለከቱት ለጥገና ነው። ቦታው ከተለወጠ አዲስ ሥራ ይባላል፤ ፈቃዱ ከደሴ ነው የሚመጣው።"

"እንጨቱ ያው፣ ውሃው ያው። ትንሽ ፈቀቅ አለ እንጂ ምን ሆነ? ሰው ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲዛወር አዲስ ሰው ይባላል?"

ልጅቱ ጎፈሬዋን አከከች፤ አለቃዋ ወደተቀመጠበት ክፍል ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ "ፈቀቅ ተደርጎ ይጠገን" ብላ ጻፈችና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችበት።

"ንጉሡስ?" አለ ጀብሪል። "ከማሳው ሥር ሰው ሁሉ ሲግተለተል እሺ ይላል?"

"ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት በእሱ ደጅ አልፋለሁ። እኔው እነግረዋለሁ።"

"ምን ብለህ ልትጀምር?"

"እንደምን ዋልህ ብዬ። ሌላ ምን ይባላል?"

ብርሀንነሽ ብዕሩን ስታቀብለው ዓይኗን አልነቀለችበትም። "አባባ፣ ያን ዐለት እያወቁ ይህን ሁሉ ዓመት ጭቃ ውስጥ ሲተክሉ የኖሩት ለምንድን ነው?"

"ርብራቡ እስከ ዛሬ የኔ ነበረ እኮ፣" አለ ካሳ፤ ጎንበስ ብሎም ፈረመ።