የደምመላሽ ጆሮ

በደብረ ብርሃን ሬዲዮ የሚጠግነው ደምመላሽ ብቻ ነበር፤ በጆሮው ሰምቶ ያላሳለፈው ሬዲዮ ከሱቁ አይወጣም። በ1957 ዓ.ም. አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ፣ ሙያውን ራሱ ያስተማረውን ኃይለ ገብርኤልን አስቀመጠበት። ደንቡን ግን አልለወጠም፤ እዚያ የተጠገነው ሁሉ በበቅሎ ተጭኖ ወደ እሱ ይመጣል። በመንገዱ ዳገት ላይ ሲንገጫገጭ የሬዲዮው ውስጥ ይላላና ደምመላሽ ጋ ሲደርስ አይናገርም።

«ይሄን ነው ጠገንኩ የምትለኝ?» አለው ደምመላሽ አንድ ቀን፣ ኃይለ ገብርኤል ራሱ ሬዲዮ ጭኖ ሲመጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ሲለፈልፍ ነበር። ካላመኑኝ በቅሎዋን ይጠይቋት።»

«ምላስህን እንኳ በደንብ ጠግነኸዋል።»

ኃይለ ገብርኤል የጎረቤላውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ደምመላሽ ሬዲዮውን ራሱ አስተካክሎ፣ ሰምቶ፣ በዚያችው በቅሎ ጎረቤላ ላለው የሬዲዮው ባለቤት ላከ። ሲደርስ አይናገርም ነበር። የጎረቤላው ሱቅ በተከፈተ በስድስተኛው ወር ተዘጋ።