የወርቅአየሁ ፊርማ

ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐምሌ ሳይጋመስ ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ የሦስት ቤት አጥር ይዞ ሄደ። የመብራት እንጨት ወደቀና ሰፈሩ ሁለት ሳምንት በሻማ ከረመ። ታክሲዎቹ ከመገናኛ ሽቅብ አንወጣም አሉ፤ ሰው በጭቃው በእግሩ ወጣ። ከሰል ተወደደ። ሽማግሌውን ሁሉ ሳል ያዘው። አንዳንዱ ዳነ። ወርቅአየሁ አልዳነችም። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ተቀበረች።

በሣልስቷ ዕለት ረፋዱ ላይ ዋቅቶላ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከሟቿ ወንድም ከሰርፀ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱን ቀን ጊዜ አልነበረውም። ጎርፉ ድንኳኑ ውስጥ እንዳይገባ ቦይ ሲቆፍር፣ ውሃ ሲያመላልስ፣ አግዳሚ ሲሸከም ነበር። አሁን ሥራው ስላለቀ ልቅሶው መጣበት። እጁን ሰርፀ ትከሻ ላይ አደረገ።

«ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ» አለው።

ሰርፀ ዞሮ አየው። መጀመሪያ አላወቀውም። ካወቀው በኋላ እጁን ከትከሻው ላይ አንስቶ እንደ ባዕድ ዕቃ አስቀመጠለት፤ ብድግም አለ።

«ይሄን ሰውዬ እዚህ ማን አስገባው?»

ካርታ የሚጫወቱት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሻይ የምታዞረው መብሩካ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆመች። መብሩካ ከወርቅአየሁ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል።

«ልቅሶ ቤት ነው፤ ተቀመጥ ልጄ» አሉ የእድሩ ዳኛ ኃይለጊዮርጊስ።

«አልቀመጥም! የገብረማርያም ገዳይ ከእህቴ ድንኳን ካልወጣ አልቀመጥም። እድሜ ልክ ነበር የተፈረደበት። ወደ ሃያ አምስት ዓመት ዝቅ አደረጉለት፣ እሺ። ከዚያ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ፕሬዝዳንቱ በይቅርታ ለቀቁት። ወንድሙ የሞተበት እኔ ነኝ ወይስ ፕሬዝዳንቱ? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ዋቅቶላ ነገሩ አልገባው አለ። «አንተም ፈርመህልኝ የለ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ? ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«እህትህ ናቸዋ።»

ካርታ የያዙት ካርታቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ።

ዋቅቶላና ገብረማርያም ከሃያ አራት ዓመት በፊት ተራራው ላይ የባሕር ዛፍ አጣና የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ። አንድ ዓርብ በመጫኛ ተራ ተጣሉ። ሁለቱም ጠጥተው ነበር። ዋቅቶላ ባነሳው አጣና አንዴ መታው። ሁለተኛ አልመታውም፤ አላስፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሟቹን ስም አፉ ላይ አላደረገም። ፍርድ ቤትም «ሟች» ነው ያለው፣ ለይቅርታ ቦርዱ ሲጽፍም «ሟች» ነው ያለው።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት አንዲት ቀጭን ሴት ልትጠይቀው መጣች። ወህኒ ቤቱ ጠያቂና ታሳሪ በሁለት አጥር እየተያዩ የሚነጋገሩበት ነው፤ ካልጮኹ አይሰማም። ወርቅአየሁ ደግሞ መጮህ አይቸግራትም ነበር።

«ዋቅቶላ የምትባለው የትኛው ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ከስተሃል! ስማ፣ የእርቅ ወረቀት ላኪልኝ ብለህ ሽማግሌ ልከህብኛል። አንተን ስጠላ ሥራ ፈታሁ እኮ! ወጥ አሳርራለሁ፣ ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ። ደክሞኛል። ወንድሜ ቅዳሜ መጥቼ ጣሪያሽን እጠግናለሁ ብሎኝ ዓርብ ገደልክብኝ። አሥራ ሦስት ክረምት አናቴ ላይ ፈሰሰ። ብፈርምልህ ትጠግናለህ?»

«እጠግናለሁ።»

«ቆርቆሮ ሥራ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ተማራ! ምን ሥራ አለህ?»

ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ዋቅቶላ ግን አልሳቀም። «ወንድምዎ ሰርፀስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ፈርሟል» አለች። አሁን ሲያስበው፣ ቶሎ ነበር ያለችው።

በአዲስ ዓመት ስሙ ከተፈቺዎች ጋር ተጠራ። የቆርቆሮ መቀስ መያዝ ተምሮ ወጣ። አጠገቡ ይተኛ የነበረው ፍየል ሰርቆ የገባ ሰው ግን እዚያው ቀረ። ባለፍየሉ ሞቷል፤ ዘመድ የለውም፤ እርቅ የሚፈርም ሰው ታጣ። ዋቅቶላ ይህን ለወርቅአየሁ ሲነግራት ጣሪያው ላይ ሆኖ ነበር።

«ሰው የገደልኩት ወጣሁ፣ ፍየል የሰረቀው ቀረ። ይሄ ፍርድ ነው እትዬ?»

«ፍየሏ ብትፈርምለት ምን አለበት?» አለችው ከታች ሚስማር እያቀበለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ስሙን ንገረኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው በየወሩ በሶ ትልክለት ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ እሷ ስትሳደብ፣ እሱ ሚስማር ሲመታ። ጣሪያው ካለቀ ቆይቶ ነበር። አጥሩን አስደገመችው፣ የዶሮ ቤት አሠራችው፣ ከዚያ ዶሮ አልወድም ብላ አስፈረሰችው።

«እኔን ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ?» አለ ሰርፀ ለድንኳኑ ሁሉ። «ከላይ ነው የፈቱት፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አለችኝ። አለቀሰች እኮ! አቅፌ አባበልኳት! ተፈትቶ እዚህ ይኖራል ሲሉኝ የሱን ዓይን አላይም ብዬ ከዚህ ሰፈር ቀረሁ። ጉርድ ሾላ ድረስ እየመጣች ነበር የምትጠይቀኝ።»

«ሰርፀ» አለች መብሩካ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጣሪያዬ ተሠራ ስትልህ ማን ሠራው ብለሃት አታውቅም?»

«ብያታለሁ።»

«ምን አለችህ?»

ሰርፀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንግሥት» አለ።

አንዱ ካርታ ተጫዋች አፉን በመዳፉ ያዘ።

«አመንካት?»

«ኮብልስቶን ካነጠፉ ጣሪያ ምን ያቅታቸዋል ብዬ ነዋ!»

ድንኳኑ ፈነዳ። ከወዲያኛው ጥግ አንዲት አሮጊት ንፍሮው ትን አላት። ኃይለጊዮርጊስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «የዶሮውንስ ቤት ማን ሠራው አለችህ?» ሲሉት «ክፍለ ከተማው» አለ፤ እንደገና ተሳቀ። ሰርፀ ራሱ ሳቁን ሊይዘው ሞከረና አመለጠው። ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ፣ እያለቀሰም ይስቅ ነበር። «ወርቄ! ወርቄ! ምን ዓይነት ሴት ነሽ!» አለ።

መብሩካ ሻይ ሰጠችው። ጠጣ። ከዚያ ለዋቅቶላ ሳይዞር ተናገረ።

«ሳቅኩ ማለት ይቅር አልኩ ማለት አይደለም። ፕሬዝዳንቱ የመንግሥቱን ሰጡህ። እህቴ የራሷን ሰጠችህ። የኔን ግን ማናቸውም ሊሰጡህ አይችሉም። እጃቸው ላይ አልነበረም።»

ዋቅቶላ ስድቡን ቢሰማ ይሻለው ነበር። ይህ ግን ልክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕዳው አልቋል ብሎ ቀና ብሎ ሄዷል። በበዓል ቀን «ሰርፀ ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው» እያለ ወርቅአየሁን ሲያጽናና ኖሯል። የመጨረሻው ፊርማ ወረቀቱ ላይ እንደሌለ ዛሬ ነው ያየው።

«ልክ ነህ» አለ። «ያንተ አለብኝ።»

ተነስቶ ወጣ።

«ሄደ» አለ አንዱ።

«ይሻላል» አለ ሰርፀ፤ ድምፁ ግን የተሻለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ወዲያው የድንኳኑ አንድ ጥግ ረገበ። ሸራው ላይ የተጠራቀመው የሌሊት ዝናብ ባንዴ ወርዶ ኃይለጊዮርጊስ ጭን ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ጮኹ። ካርታው ተበተነ። በረገበው ሸራ ስር ዋቅቶላ ጎንበስ ብሎ ገባ። የድንኳኑን ገመድ የያዘውን ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ከነጭቃው ማጅራቱ ላይ ተሸክሞታል።

«ጋሽ ዋቅቶላ!» አለች መብሩካ። «ወላሂ፣ በየካ ምድር ሌላ ድንጋይ ጠፋ?»

«ቅርብ የነበረው እሱ ነው።»

«ይቅርታ የሚጠየቀው እሱ፣ የምበሰብሰው እኔ» አሉ ኃይለጊዮርጊስ ጋቢያቸውን እየጨመቁ።

ከዚያ በኋላ ግን የቀለደ የለም። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። ዋቅቶላ ሰርፀ እግር ስር ተንበረከከ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ጮኸ።

«አጥፍቻለሁ» አለ መሬቱን እያየ። «ለቦርዱ ጽፌያለሁ። ለእህትህ ተናግሬያለሁ። ላንተ አልተናገርኩም። ስለ ወርቅአየሁ ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ስለሷ አትበለኝ። እሷ አሞኝታኛለች።»

«ስለማን ልበል?»

«ስለገደልከው ሰው በል።»

ዋቅቶላ ድንጋዩ ተንሸራተተበትና በሁለት እጁ አስተካከለው። ከደጅ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ይሰማል። መብሩካ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«ስለ ገብረማርያም» አለ። «ስለ ገብረማርያም ብለህ፣ ይቅር በለኝ።»

ሰርፀ ድንጋዩን አየና «ከባድ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ከባድ ነው።»

«ጥቂት ቆይበት።»

«እሺ።»

ቆየበት። ጭቃው በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ሰርፀን አዩ። ሰርፀ ጎንበስ አለ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከሰውየው ማጅራት ላይ አንስቶ ከአግዳሚው ስር አስቀመጠው።

«አውርጄልሃለሁ» አለ። «ይቅር ብያለሁ። አሁን ለእህቴ አልቅስላት።»

ዋቅቶላ ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። እዚያው ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ «እትዬ» እያለ ያለቅስ ጀመር። ሰርፀ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። የነጠላውን ጫፍ እጁ ላይ ጠቀለለና የሰውየውን ማጅራት ከጭቃው ቀስ አድርጎ አበሰለት።