የካውያው እንጉርጉሮ

እንግዳወርቅ ደስ ሲላት አፏ አይከደንም። ልጇ ነህምያ ሐሙስ ማታ ደውሎ "እማዬ፣ አልበም እየሠራሁ ነው" አላት። እሑድ በምስክርነት ሰዓት ማይኩን ጨብጣ፣ "ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ታማኝ ነው! ልጄ የመዝሙር ካሴት ሊያወጣ ነው!" ብላ አወጀችው። ጊዜው የሲዲ መሆኑ ለእሷ ምኗም አይደለም። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ነህምያ ኳየሩ መሀል ጊታሩን እንዳቀፈ በላብ ተጠመቀ።

ኧረ እሱ መዝሙር መቼ አለ! ግን በእሷ ይፈረዳል? የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ጴንጤ እናት፣ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ሲመታ ያደገ ልጇ አልበም ሠራሁ ሲላት ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል? በእንግዳወርቅ ቤት ዜማ ሁለት ዓይነት ነው፤ መዝሙርና ዘፈን። ዘመድ ሠርግ ላይ ዘፈን ሲጀመር ቦርሳዋን አንስታ፣ ፓርኪንግ ወርዳ፣ ኬኩ እስኪቆረስ መኪና ውስጥ የምትቀመጥ ሴት ናት።

ልጅየው የሠራው ደግሞ ብሉዝ ነው። ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ማታ ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጦ የአሜሪካ ጥቁሮችን የድሮ እንጉርጉሮ ይጫወታል። እናቱ ቅዳሜ የት ነህ ስትለው "ሥራ ነኝ" ይላታል፤ ውሸትም አይደል። አልበሙ ላይ ስድስቱ ደራሲያቸው የማይታወቅ የጥንት ዜማዎች ናቸው፤ አራቱ የራሱ። የጌታ ስም የተጠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ባቡር ያመለጠው ሰውዬ ሲያማርር።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ፓስተር ክፍሌ ትከሻውን ቸብ አድርገው "አርብ በጸሎት ፕሮግራም እጅ እንጭንብሃለን፤ ከአልበሙም አንድ መዝሙር ታሰማናለህ" አሉት። አልበሙን ቤዝመንቱ ውስጥ የቀዳለት ጓደኛው ማቲያስ ሲሰማ በሳቅ ሞተ።

"ምን ያስጨንቅሃል? ጀስት አንድ መዝሙር ምታና ተገላገል።"

"በውሸት ላይ እጅ ይጫንብኝ?"

"እንግዲያው ንገራት።"

ሊነግራት ታኮማ ፓርክ፣ ቤቷ ድረስ ሄደ። እንግዳወርቅ ለአርብ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች አገኛት። ካውያ ስትይዝ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ቃል የሌለው ዜማ ታንጎራጉራለች። ያሳደገችው በዚህ ካውያ ነው፤ የሆቴል ዩኒፎርም እቤት እያመጣች ስትተኩስ እሱ ከጠረጴዛው ሥር የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። ኮሌታውን አቅንታ "እንደ ዛሬ ኮርቼብህ አላውቅም" አለችው። ሳይነግራት ሸሚዙን ይዞ ወጣ። ያቺ ኩራቷ በሰው ፊት ስትረግፍ እንዳያይ ፈራ፤ እውነቱን ከሰማች ደግሞ አልበሙን ዕድሜ ልኳን በጆሮዋ እንደማታስገባው ያውቃል። ያን አልበም ከሰው ሁሉ በላይ እንድትሰማለት የሚፈልገው ደግሞ እሷን ነው።

አርብ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። እንግዳወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነህምያ ማይኩን ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረው።

"ሶሪ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሠራሁት መዝሙር አይደለም፤ ዘፈን ነው። እማዬ አልዋሸቻችሁም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ፓስተር ክፍሌ ማይኩን ከእጁ ተቀበሉት። እንግዳወርቅ ቦርሳዋን አነሳች፤ ግራና ቀኝ ሳታይ ወጣች።

የት እንደምትገኝ ልጇ መጠየቅ አላስፈለገውም። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። በሩን ሲከፍትላት የፊቱን ወንበር ትታ ከኋላ ገባች፤ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ! እሱም ሞተሩን አስነሳ።

ለካ የአልበሙ ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ነበር። ሲመጣ ያቋረጠው የመጨረሻው ዘፈን ካቆመበት ቀጠለ። ጊታሩ በቀስታ ይመታል፤ ከላይ የነህምያ ድምፅ ያለ ቃል ያንጎራጉራል። ደንግጦ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

"ተወው!" አለች ከኋላ።

ተወው። ፓይኒ ብራንች መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው።

"ይሄ የኔ ነው" አለች እንግዳወርቅ። "ነህምያ፣ ይሄ የኔ ነው!"

"አዎ፣ ያንቺ ነው። ስትተኩሺ የምትይው።"

"የኔ እንኳ አይደለም፤ የአባቴ ነው። አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራዩ፣ በሬዎቹን እያዞሩ የሚሉት።"

"መዝሙር ነው?"

"የምን መዝሙር! ለበሬ ማን ይዘምራል?" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ውይ በሞትኩት! ይሄን ሁሉ ዓመት እቤቴ ስዘፍን ነው የኖርኩት?"

መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለው። በመስታወቱ ሲያይ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ ዕንባዋም ይወርዳል። እሱም ሳቀ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋበት ድረስ ሳቀ።

"ደግሞ ተሳስተሃል" አለች ፊቷን እየጠረገች። "መጨረሻው ላይ አባቴ ከፍ አያደርጉም፤ ዝቅ ነው የሚያደርጉት። በሬው የሚያርፈው እዚያ ጋ ነው።" ዝቅ አድርጋ አሳየችው። ነህምያ ደስታው ሊያፈነዳው ደረሰ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አፓርታማዋ በር ላይ ደርሰው ነበር። ወርዶ በሩን ሊከፍትላት ሲል ከኋላ ትከሻውን ነካችው።

"ጌታ ይቅር ይበለኝ" አለች። "እስቲ ካሴቱን መልሰውና፣ ብሎኩን አንዴ ዙር።"