የአጫጆቹ ሒሳብ

አንለይ ፈተና የሚፈራ ልጅ ነው። ዲያቆን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ አምና የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወድቋል። «ዘንድሮም ከወደቅህ ወንበሩን ለሌላ ትለቃለህ» ተብሎ ቁርጡ ተነግሮታል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ፣ የቅኔውን ትምህርት አቋርጦ ወረታ አስኳላ ሲገባ፣ በደብሩ የነበረውን ቦታ ሌላ ዲያቆን ይዞበታል። እናቱ አማከለች፣ ዘመዱ ሁሉ «ታቦት ጥሎ የሄደ ምን ይረባል?» ሲላት፣ «ልጄን ተዉልኝ» እያለች ስትሟገት ከርማለች። ከወደቀ በየትኛው ፊቷ ገበያ ትወጣለች? ፈራ ብቻ ማለት ያንሰዋል፤ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ እህል አልዋጥ ብሎት ነበር።

ሰነፍ እንዳትሉት። መጽሐፍ ከእጁ አይወርድም። ነገሩ የተበላሸው ከአጠናኑ ነው። ዳዊትን በቃሉ እንደ ያዘ ሒሳቡንም እንደ ዳዊት ያዘው። አጥሩ ሥር ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ፣ «አምስት ሰዎች አንድ ማሳ በስምንት ቀን ያጭዳሉ። አሥር ሰዎች በስንት ቀን ያጭዱታል? መልስ፣ አራት ቀን» እያለ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሸመደደው። ጓደኞቹ ሰሌዳ ከበው ሲሠሩ እሱ ጣራ ገዳም ወጥቶ ሰባት ቀን ሱባዔ ያዘ። ልመናው አንዲት ናት፤ «ጌታዬ፣ ያጠናሁትን እንዳትወስድብኝ።»

እንዲህ ያስለመነው ታላቅ ወንድሙ በላቸው ነው። በላቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለ አብሾ ጠጣ። አብሾ ትምህርት እንዲገባው የቸኮለ ተማሪ በጥብጦ የሚጠጣው የዱር ፍሬ ነው። ምን ያደርጋል፣ ትምህርቱ ገባ፣ ልቡ ወጣ። ዛሬ እናቱ ጓሮ ካለችው ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ጆሮው የሰማውን ሁሉ ይደግማል። ከራሱ አውጥቶ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ውኃ ስጡኝ» እንኳ ብሎ አያውቅም። አንለይ በፊቱ ባለፈ ቁጥር «ነግ በኔ» ይላል።

የፈሩት ይደርሳል ነው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የክፍል ጓደኛው ደሳለው አንዲት ትንሽ ቅል በነጠላው ሸፍኖ መጣ።

«አብሾ ነው፤ በጥቂቱ ከሆነ አይጎዳም አሉ» አለው።

«ወንድሜን አታየውም እንዴ?»

«እሱ አብዝቶት ነው እንጂ!»

የጨነቀው ሰው የማያምነው የለም። አንለይ ቅሉን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ክዳኑን ከፈተና በስመ አብ ብሎ አማተበበት። እስቲ አሁን አብሾ ላይ ይማተባል?

ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከጎጆው ደጃፍ የበላቸው ድምፅ መጣ። የዛሬው እንደ ወትሮው ዳዊት አይደለም። «አምስት ሰዎች አንድ ማሳ በስምንት ቀን ያጭዳሉ…» ይላል። ዓመቱን ሙሉ ከአጥሩ ሥር የሰማውን አንዲት ቃል ሳይጥል፣ አንለይ በሚተነፍስበት እየተነፈሰ፣ አንለይ በሚያስልበት እያሳለ ይደግመዋል። ቅሉን እንደ ያዘ ቀረበው።

«ጋሼ፣ አጫጆቹ ሃያ ቢሆኑስ?»

«አራት ቀን» አለ በላቸው።

«አንድ ሰው ብቻውን ቢሆንስ?»

«አራት ቀን።»

አንለይ ሊያርመው አፉን ከፈተ። አንድ ሰው ብቻውን በስንት ቀን ያጭደዋል? ፈለገው፣ አጣው። ምላሱ ላይ የመጣው ያው አራት ቀን ነው። ከወንድሙ ጎን ቁጭ አለ። ቅሉን ገና አልቀመሰውም።

ከብት እንዳይነካው ጉድጓድ ምሶ ቀበረውና፣ ቅኔውን ሲያቋርጥ ወደ ተዋቸው መምህሩ ወደ የኔታ ተክለ ማርያም እያፈረ ሄደ። ሁሉንም ነገራቸው።

«ምን እያልህ ስትለምን ከረምህ?» አሉት።

«ያጠናሁትን እንዳይወስድብኝ፣ የኔታ።»

«መች ያዝኸውና ይወስድብሃል? ማሳውን ሳያርስ ዝናም የሚለምን ገበሬ ፎገራ ላይ አይተሃል?»

«ታዲያ ሱባዔዬ ከንቱ ነው ይሉኛል?»

«አላልሁም። ጸልይ። ጸልየህ ስታበቃ ተነሥተህ እረስ። እኔ የአስኳላውን ሒሳብ አላውቀውም፤ አጫጅ አሰማርቶ የሚያውቅ ሰው ግን አገሩን ሞልቶታል። ጠይቅ እንጂ።»

ጠየቀ። የጠየቀው እናቱን ነው። አማከለች ፊደል አልቆጠረችም፤ ሣቋ ግን መጣ።

«ለደቦ ጠላ ስጠምቅ የኖርሁ ይኼ ይጠፋኛል? አምስት ሰው ስምንት ቀን ከዋለ ማሳው አርባ ውሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ሰው ሲበዛ አርባውን ይካፈሉታል። ብቻውን የሆነ ምስኪን አርባ ቀን ወገቡ ይቆረጣል።» ከጓያው ዘግና አርባ ፍሬ ቆጠረችለትና እየከፋፈለች አሳየችው።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ዳዊቱን ይደግምና ቀኑን ሙሉ ቁጥር እየለዋወጠ ሲሠራ ይውላል። ሲሳሳት ያብሳል፣ ደግሞ ይጀምራል። ፍርሃቱ ግን አለቀቀውም፤ ደብረ ታቦር የፈተናው አዳራሽ ድረስ አብሮት ገባ።

ወረቀቱን ገለጠ። አራት ሰዎች አንድ ማሳ በዘጠኝ ቀን ያጭዳሉ፤ ስድስት ሰዎች በስንት ቀን ያጭዱታል? «አራት ቀን» አለ የበላቸው ድምፅ በጆሮው። «አቤቱ ማረኝ» አለና ከወረቀቱ ጀርባ ሠላሳ ስድስት ነጥብ እንደ ጓያ ፍሬ ደረደረ። ለስድስት ከፋፈለው። ስድስት ቀን። ደግሞ ቆጠረና ጻፈው።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ፤ ለጥቂት አለፈ። አማከለች እልል ማለት አቅቷት አለቀሰች።

መስከረም ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ስልቻውን ተሸክሞ ወንድሙን ሊሰናበት ጓሮ ገባ፤ እናቱም ልትሸኘው ተከተለችው።

«…በስንት ቀን ያጭዱታል? መልስ፣ አራት ቀን» ይላል በላቸው።

«ቁጥሩ ተለውጧል፣ ጋሼ» አለ አንለይ እንዲያው ሳያስበው፤ «ስድስት ቀን ሆኗል።»

በላቸው መድገሙን ተወ። አንለይ ደነገጠ፤ ወንድሙ መድገሙን ሲተው አይቶ አያውቅም። በላቸው ቀና ብሎ አየው።

«ለምን?» አለው።

አንለይ ያች ከራሱ የወጣች ቃል ተመልሳ እንዳትገባ ፈራ። ስልቻውን ቀስ ብሎ አወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ጓያ አምጪልኝ» አለ በሹክሹክታ።

የደብረ ታቦሩ መኪና ያን ቀን ጥሎት ሄደ።